ከአስፋልት ወጣ ስትሉ፦ የብስክሌት ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

በዚህ ወር የላካችኋቸው ጥያቄዎች ሁሉም ማለት ይቻላል ከአስፋልት ውጭ ያሉ ናቸው። ጠጠር፣ አቀበት፣ ቁልቁለት፣ ውሻ፣ ጭቃ። በጣም ደስ ብሎኛል። ከመኪና ጩኸት ርቆ ጥርጊያ መንገድ ላይ ብስክሌት የመንዳትን ያህል ልብ የሚያሳርፍ ነገር እኔ አላውቅም። አንድ ነገር ግን አስተውያለሁ፤ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁት "ምን ልግዛ?" ብላችሁ ነው። የእኔ መልስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ "ገና ነው፣ መጀመሪያ መሬቱን ማየት ልመዱ" የሚል ነው። ለምን እንደምል ከታች ታዩታላችሁ።

ጥያቄ፦ የተራራ ብስክሌት ከገዛሁ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። ጠጠር ላይ ስገባ የፊት ጎማው ይንሸራተትብኛል፣ እጄም እስኪደነዝዝ ድረስ ይንቀጠቀጣል። ጎማውን ሁሌ ጥንክር እስኪል ነው የምነፋው። ጓደኞቼ "ጎማህ ርካሽ ስለሆነ ነው፣ ቀይረው" ይሉኛል። ልቀይረው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገንዘብህን ኪስህ ውስጥ አቆየው። ችግሩ ጎማው ሳይሆን ውስጡ ያለው አየር ነው።

ጥንክር ብሎ የተነፋ ጎማ ለአስፋልት ጥሩ ነው። ጠጠር ላይ ግን ድንጋይ በነካ ቁጥር ይዘላል። ሲዘል ለአፍታም ቢሆን መሬቱን ይለቃል፣ መሬቱን የለቀቀ ጎማ ደግሞ አይታጠፍልህም፣ አያቆምህምም። ትንሽ ላላ ያለ ጎማ ግን ድንጋዩ ላይ ገባ ብሎ ቅርጹን ይይዛል፣ ጥርሶቹም መሬቱን ይቆነጥጣሉ። እጅህን የሚያደነዝዘው መንቀጥቀጥም ግማሹ የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ስንት ይሁን? ጎማው ጎን ላይ የታተመውን ትልቁን ቁጥር አትከተል፤ እሱ የሚነግርህ "ከዚህ አትለፍ" የሚለውን ጣሪያ ነው። ክብደትህ 75 ኪሎ አካባቢ ከሆነ፣ የጎማህም ስፋት 2.2 ወይም 2.3 ኢንች ሆኖ የውስጥ ጎማ ካለው፣ ከፊት 28 ከኋላ 30 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ላይ ጀምር። ቱብለስ ከሆነ፣ ማለትም የውስጥ ጎማ ሳይኖረው በፈሳሽ ማሸጊያ የሚሠራ ከሆነ፣ ወደ 22 እና 24 መውረድ ትችላለህ። ከዚህ የከበድክ እንደሆነ ጨመር፣ ከቀለልክ ቀነስ ታደርገዋለህ። የኋላው የሚበልጠው የሰውነትህ ጭነት ወደዚያ ስለሚያመዝን ነው።

ከዚያ አንድ አጭር መንገድ ምረጥ። ጠጠር ያለበት፣ አንድ መታጠፊያ ያለው፣ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ። ያንኑ መንገድ እየደጋገምክ፣ በየዙሩ 2 ፒኤስአይ እያጎደልክ ንዳው። የሆነ ዙር ላይ መሪው እጅህ ውስጥ ረጋ ይላል። ደስ ብሎህ ከቀጠልክና ከመጠን በላይ ካጎደልክ ደግሞ መታጠፊያ ላይ ጎማው ከሥርህ የሚተኛ ይመስልሃል፣ ወይም ድንጋይ ላይ ቸርኬው "ቋ" ሲል ትሰማለህ። እዚያ ስትደርስ 2 ወይም 3 መልስ፣ ቁጥሩንም ጻፈው። ያንተ ቁጥር እሱ ነው፤ የጓደኛህ ቁጥር ለጓደኛህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ጎማህ ተበስቶ የውስጡን ስታወጣ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ካየህ፣ እሾህ አይደለም። ድንጋዩና ቸርኬው መሃል ተቆንጥጦ ነው የተበሳው። አየሩ አንሶታል ወይም ድንጋዩን በኃይል መተኸዋል ማለት ነው። አንድ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ግን የወጋህ ነገር አለ። አዲሱን ከማስገባትህ በፊት የውጭውን ጎማ ውስጡን በጣትህ ቀስ ብለህ ዙሪያውን ዳስሰው፣ እሾሁ እዚያው ተሰክቶ እየጠበቀህ ሊሆን ይችላል። መግዛት ካማረህ የአየር መለኪያ ግዛ። በአውራ ጣት እየተጫኑ መገመት 25 እና 35ን አይለይልህም።

ጥያቄ፦ አቀበቱን እችለዋለሁ። ቁልቁለት ላይ ግን ሰውነቴ ይደርቃል። ከላይ እስከ ታች ፍሬን ጨምድጄ ነው የምወርደው፣ ታች ስደርስ ጣቶቼ አልዘረጋ ይሉኛል። የፊት ፍሬን ይገለብጣል ሲባል ስለሰማሁ ይበልጥ የምይዘው የኋላውን ነው። ችግሩ ፍርሃቴ ነው ወይስ አነዳዴ?

መልስ፦ አነዳድሽ ነው እህቴ። ፍርሃትሽ እንዲያውም ልክ ነው፤ በዚህ አነዳድ እኔም እፈራለሁ። አነዳዱ ሲስተካከል ፍርሃቱ ራሱ ይቀንሳል።

ከፍሬኑ እንጀምር። ብስክሌት ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል። ስለዚህ የማቆሙ ኃይል አብዛኛው ያለው የፊት ጎማ ላይ ነው፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ይብሳል። የኋላውን ብቻ ስትይዢ ጎማው ይቆለፍና ይንሸራተታል፣ ፍጥነትሽ ግን ያን ያህል አይቀንስም። የፊት ፍሬን የሚገለብጠው በድንገት ሲጨመደድና ሰውነት ተከትሎት ወደ መሪው ሲወድቅ ነው። ከኮርቻው ተነሺ፣ ሁለቱን ፔዳሎች እኩል ቁመት ላይ አድርጊና ክብደትሽን እግርሽ ላይ ጣዪ፣ ክንድሽን ትንሽ አጠፍ አድርጊ፣ ዳሌሽን ወደ ኋላ ሳብ አድርጊ፤ ከዚያ የፊቱን ቀስ እያልሽ ብትይዢው አይገለብጥሽም። መጀመሪያ ሜዳ ላይ ተለማመጂው። እየፈጠንሽ መጥተሽ አንድ ምልክት ላይ መቆም። በኋላው ብቻ፣ በፊቱ ብቻ፣ በሁለቱም። ልዩነቱን አንዴ ካየሽው የሰማሽውን ወሬ ትረሺዋለሽ። የምከለክልሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልቅ ጠጠር ላይ እየታጠፍሽ የፊቱን ጠበቅ አድርገሽ አትያዢ። የፊት ጎማ ሲንሸራተት መመለሻ ጊዜ አይሰጥም።

ቀጥሎ፣ ፍሬን የምትይዢበትን ቦታ ምረጪ። ከላይ እስከ ታች መጨምደድ ጎማውን መሬት እንዳይቆነጥጥ ያደርገዋል፣ ጣትሽን ያደክማል፣ ፍሬኑንም ያግለዋል። የጋለ ፍሬን ደግሞ ይደክማል። ይሄ እንግዲህ ከተራራ ብስክሌት ጋር አብሮ የተወለደ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተ ሰሜን ባለው ማሪን ካውንቲ፣ ጥቂት ወጣቶች ሪፓክ በሚባል የአቧራ ቁልቁለት ላይ ውድድር ጀመሩ። ሦስት ኪሎ ሜትር ብቻ አለፍ በሚል ርቀት 400 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ይዘዋቸው የሚወርዱት በ1930ዎቹና በ40ዎቹ የተሠሩ ወፍራም ጎማ ያላቸው ከባድ ብስክሌቶች ነበሩ፤ ፍሬናቸውም ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራ፣ የኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ የተቀበረ። ታች ሲደርሱ በውስጡ ያለው ግሪስ ነዶ ይጨስ ነበር። ከአንድ ውድድር በኋላ እምብርቱን ፈትተው ግሪሱን እንደገና መሙላት ነበረባቸው። ተራራ ብስክሌትን በማስጀመር ስማቸው የሚነሳው ጆ ብሪዝ፣ ጋሪ ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ ከዚያ ቁልቁለት ነው የወጡት። ብሪዝ በ1977 በተለይ ለእንዲህ ያለ መንገድ የታሰበ ብስክሌት ሠራ፣ ዛሬ የምንነዳቸውም የእነዚያ ልጆች ናቸው። ያንቺ የዲስክ ፍሬን ከሆነ ከእነሱ ፍሬን ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ግን እሱም ቢሆን ትንሽ ማረፍ ይፈልጋል።

እና እንዴት ነው የሚያርፈው? መታጠፊያው ከመድረሱ በፊት፣ መንገዱ ገና ቀጥ ባለበት፣ መሬቱም ጠንከር ባለበት ቦታ በደንብ ያዢው፤ ፍጥነትሽን ጨርሰሽ ቀንሺ። ከዚያ ልቀቂውና ታጠፊ። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን አትርሺ። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ላይ ሆነሽ 3 ሜትር ይበቃሽ ከነበረ፣ 30 ላይ 12 ሜትር ትፈልጊያለሽ፣ ያውም የምታስቢበትን ቅጽበት ሳንቆጥር።

ሦስተኛው ነገር ዓይንሽ ነው፣ ለእኔ ደግሞ ዋናው እሱ ነው። የፈራ ሰው የፊት ጎማውን ሥር ነው የሚያየው። እዚያ ያለውን ድንጋይ ስታዪው ጊዜው አልፏል። ከሚያስፈራሽ ድንጋይ ላይ ዓይንሽን አንሺና በአጠገቡ የሚያሳልፈውን ክፍተት ፈልጊ፤ ብስክሌቱ ዓይን ወዳለበት ይሄዳል። ቁልቁለቱ ላይ ሆነሽ ከፊትሽ ያለው አሥርና አሥራ አምስት ሜትር ምን እንደሚመስል እያየሽ ውረጂ። ልቅ ጠጠር ከመንገዱ መሃልና ከዳሩ ላይ ይከማቻል፣ ጎማ በተደጋጋሚ የሄደበት መስመር ግን ጠንካራ ነው። ውሃ የቦረቦረው ቦይ ካለ ጎማሽን በጠባቡ ማዕዘን አታስገቢ፤ በተቻለሽ መጠን ቀጥ ብለሽ ተሻገሪው።

ጣትሽ ስለሚደነዝዘው ነገር፣ የፍሬኑ መያዣ ርቀት ምናልባት ለእጅሽ ሩቅ ነው። አብዛኞቹ መያዣዎች ላይ ርቀቱን የምታስተካክል ትንሽ ብሎን አለች። የአንድ ጣት የመጀመሪያ መታጠፊያ በቀላሉ እንዲደርስ አድርገሽ አቅርቢው። ጥሩ የዲስክ ፍሬን በአንድ ጣት ይያዛል፣ የቀሩት ጣቶች መሪውን ይይዛሉ።

እና ያላመንሽበትን ቦታ ወርደሽ በእግርሽ እለፊው። መጀመሪያ በእግር ያለፍሽውን ቦታ በሌላ ቀን ስትነጂው ታውቂዋለሽ።

ጥያቄ፦ ብስክሌቴ አሮጌ ናት። ከፊት ሦስት ከኋላ ስምንት ማርሽ አላት፣ ጎማዋ 26 ኢንች ነው። አብረውኝ የሚነዱት ከፊት አንድ፣ ከኋላ 12 ያለው አዲስ ነገር ይዘዋል። ዳገት ላይ ጥለውኝ ይሄዳሉ፣ የእኔ የኋላ ጎማ ደግሞ በባዶ ይሽከረከራል። ማርሹን ላስቀይረው?

መልስ፦ በፍጹም። ና እስቲ እንቁጠረው።

የእነሱ ማርሽ በብዛት ከፊት 32፣ ከኋላ ትልቁ 51 ጥርስ ነው። ባለ 29 ኢንች ጎማ በአንድ ሙሉ ዙር 2.3 ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ በቀላሉ ማርሽ አንድ ጊዜ ፔዳል ሲያዞሩ 1.44 ሜትር ገደማ ይራመዳሉ። ያንተን ጥርሶች ራስህ ቁጠራቸው፤ በእንዲህ ያሉ ብስክሌቶች የፊቷ ትንሿ ብዙ ጊዜ 22 ናት፣ የኋላዋ ትልቋም 34 ከሆነች በአንድ ዙር 1.34 ሜትር ነው የምትሄደው። አየህ? ያንተ ከእነሱም ይቀላል። በደቂቃ 60 ጊዜ ብታዞር በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ የእግረኛ ፍጥነት ማለት ነው። ከዚህ በታች በብስክሌት ሚዛን መጠበቅ ይከብዳል።

ጥለውህ የሚሄዱት በማርሽ ሳይሆን በአወጣጥ ነው። የመጀመሪያው ነገር፣ ማርሹን ዳገቱ ከመያዙ በፊት ቀይር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሙሉ ኃይሉን እየረገጠ ይቀይራል፣ ሰንሰለቱ ይንቋቋል፣ አንዳንዴም ይበጠሳል። ዳገቱን ከሩቅ ካየኸው ሁለት ሦስት ዙር ቀድመህ፣ እግርህን ትንሽ አላልተህ ቀይረው።

ሁለተኛ፣ ጎማህ በባዶ የሚሽከረከረው ከኮርቻው ስለምትነሳ ይመስለኛል። ስትነሳ ክብደትህ ከኋላ ጎማ ላይ ይነሳል፣ ጠጠር ላይ ደግሞ ወዲያው ይከዳሃል። ተቀመጥ። ዳገቱ ሲጠነክር ወደ ኮርቻው የፊት ጫፍ ተንሸራተት፣ ደረትህን ወደ መሪው ዝቅ፣ ክርንህን ወደ ታች። ወደ ፊት ካበዛኸው የኋላ ጎማው ይንሸራተታል፣ ወደ ኋላ ካበዛኸው የፊቱ ይነሳል፤ በሁለቱ መሃል ያለችውን ቦታ መቀመጫህን በሁለትና ሦስት ጣት ስፋት ያህል እያንቀሳቀስክ ታገኛታለህ። ፔዳሉን ደግሞ ወደ ታች ብቻ አትደቁሰው፤ በእኩል ኃይል አዙረው። በድንገት ሲደቆስ ነው ጎማው የሚከዳው።

እና ቀስ በል። 10 በመቶ ዳገት ማለት በአንድ ኪሎ ሜትር 100 ሜትር መውጣት ነው፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር እስካልቻልክ ድረስ ፍጥነትህ ከአቅምህ በላይ ነው። የመጀመሪያውን ሲሶ እንዲያልፉህ ተዋቸው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 58 ነው። በወጣትነቴ ብዙ ነድቻለሁ፣ አሁን ልመለስ አስቤያለሁ። የምነዳው የገጠር ፒስታና ቀለል ያለ የጋራ ላይ መንገድ ነው። ከፊትም ከኋላም ሾክ ያለው ነው የሚሻለኝ ወይስ ከፊት ብቻ?

መልስ፦ እንኳን ደህና ተመለሱ። ለነገሩኝ መንገድ ከፊት ብቻ ሾክ (ንዝረት የሚውጥ ዕቃ) ያለው ይበቃዎታል፣ ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሜትር የሚጨመቅ። የኋላ ሾክ ያለው ድንጋያማና ዝላይ ያለበት ቁልቁለት ላይ በጣም ጥሩ ነው። ግን ይከብዳል፣ የሚፈታ የሚገጠም መጋጠሚያው ብዙ ነው፣ በተመሳሳይ ገንዘብ ሲገዙት ደግሞ ሌላው ዕቃው ዝቅ ያለ ይሆናል። ጎማው 29 ኢንች ቢሆን እመክራለሁ፤ ትልቅ ጎማ ጉድጓድና ድንጋይ ላይ በቀላሉ ያልፋል፣ ሚዛንም ይሰጣል። ቁመትዎ አጠር ያለ ከሆነ 27.5ም ጥሩ ነው።

ከሁሉም በላይ ልክዎ መሆኑን ይዩ። ብስክሌቱን መሃል አድርገው ሲቆሙ ከፍሬሙ በላይ ጥቂት ጣቶች የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ኮርቻ ላይ ተቀምጠው ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ ሲያደርጉ፣ ፔዳሉ ከታች ሆኖ ጉልበትዎ ቀጥ ይበል። በእግርዎ ፊተኛ ክፍል ሲረግጡ ከዚያ ጉልበቱ በትንሹ ይታጠፋል፣ ትክክለኛው ቁመት እሱ ነው። ዝቅ ያለ ኮርቻ ጉልበት ይገድላል። ወደ ቁልቁለት ሲመጡ ደግሞ ዝቅ ያድርጉት፤ በመሪው ላይ ባለች ቁልፍ የሚወርድ ኮርቻ ካገኙ ይውሰዱት፣ ከተጨማሪ ዕቃዎች ሁሉ ለገንዘቡ የሚገባው እሱ ነው።

ለረጅም ጊዜ ስፖርት ካቋረጡ ደግሞ አቀበት ከመጀመርዎ በፊት ደም ግፊትዎንና ልብዎን ሐኪም ይይልዎ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሜዳ ላይ ያሳልፏቸው።

ጥያቄ፦ በቡድን ነው የምንነዳው። በምናልፍባቸው መንገዶች ላይ ከብት፣ ፈረስ፣ እግረኛ፣ ውሻ ይገጥመናል። አንዳንዱ ሰው ይቆጣናል፣ ውሾቹም ያሳድዱናል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ሰው የሚቆጣው ብዙ ጊዜ በአንድ ምክንያት ነው፤ ደንግጦ። ብስክሌት ድምፅ የለውም። ከኋላው መጥታችሁ በአጠገቡ ሽው ስትሉ ሰው ይደነግጣል፣ የደነገጠ ደግሞ ይቆጣል። መንገዱ የእሱ የዕለት ተዕለት መንገድ ነው፣ እናንተ እንግዳ ናችሁ።

ራቅ ብላችሁ ድምፅ አሰሙ። ደወል ከጩኸት ይሻላል፣ ሰላምታ ደግሞ ከደወል ይሻላል። ቀንሱ፣ መንገዱ ጠባብ ከሆነ ቁሙ። አቀበት ለሚወጣ ቅድሚያ ስጡ፣ ለእግረኛና ለፈረስ ደግሞ ሁልጊዜ። ይሄ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የተራራ ብስክሌት ማኅበር ኢምባ ለአባላቱ ካስቀመጣቸው ሕጎች አንዱ ነው። ማኅበሩ የተመሠረተውም ብስክሌተኞች ከእግረኛና ከፈረሰኛ ጋር እየተጋጩ መንገዶች ሲዘጉባቸው ነው። ሰው መንገድ የሚከለክለው ባልጠበቀው ፍጥነት ካለፈበት አንድ ብስክሌተኛ የተነሳ ነው፣ የሚከለከሉት ግን ሁሉም ናቸው። የከብት በር ከፍታችሁ ካለፋችሁ ዝጉት፤ ክፍት ካገኛችሁት ክፍት ተዉት።

ፈረስ ሲያጋጥማችሁ ከሩቅ ቁሙና አናግሩ። የሰው ድምፅ ሲሰማ ይህ ነገር ሰው መሆኑን ያውቃል፣ ይረጋጋል። ከብት ደግሞ መሃሉን ሰንጥቃችሁ አትግቡ፣ በተለይ እናትና ጥጃ መሃል። እረኛው ካለ እሱን ጠይቁት፣ ቀስ ብሎ ያሳልፋችኋል።

ውሻን በተመለከተ፣ ለመሮጥ አትሞክሩ። ውሻ የሚሮጥ ነገር ያባርራል፣ አቀበት ላይ ደግሞ በፍጹም አታመልጡትም። ቀንሱ፣ ውረዱ፣ ብስክሌቱን በእናንተና በውሻው መሃል አድርጉ። ዓይን ዓይኑን አትዩት፣ ጀርባም አትስጡት። በጠንካራ ድምፅ ተናገሩና ቀስ እያላችሁ ራቁ። ብዙው ውሻ ግዛቱን ነው የሚጠብቀው፣ ግዛቱን ስትለቁለት ይተዋችኋል። ከነከሳችሁ ግን ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ቸል አትበሉ። ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡት፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ ግን በጊዜ ከተወሰደ ያድናል። የተጀመረውን ጉዞ እዚያው አቋርጡት።

ጥያቄ፦ ከዝናብ በኋላ መንዳት ችግር አለው?

መልስ፦ መሬቱን ጠይቀው። ጎማህ ጥልቅ ሰንበር እየተወ የሚሄድ ከሆነ፣ ጭቃውም እየተጠቀለለ ፍሬሙ ላይ የሚለጠፍ ከሆነ፣ ተመለስ። ያ ሰንበር ሲደርቅ ይጠነክራል፣ በሚቀጥለው ዝናብ ውሃ ይይዘዋል፣ ከዚያ ቦይ ይሆናል። ሰው በእግሩ የሠራውን መንገድ በአንድ ከሰዓት እንዲህ ነው የምናበላሸው። በፒስታና በጠጠር መንገድ ግን ዝናብ ብዙ አይከለክልም። ኩሬ ሲያጋጥምህ ዳር ዳሩን አትዙር፣ ጥልቀቱን ካወቅከው በመሃሉ እለፍ፤ ሁሉም ዳር ዳሩን ሲዞር መንገዱ እየሰፋ እርሻውን ይበላል። ቤት ስትመለስ ደግሞ በኃይለኛ የውሃ ግፊት አትጠበው፣ የጎማውን እምብርት ግሪስ ያወጣል። ባልዲና ብሩሽ ይበቃል። ሰንሰለቱን አድርቀህ ዘይት ቀባው፣ ትርፉን በጨርቅ ጥረግ።

ጥያቄ፦ የሚነዳ ጓደኛ የለኝም። ብቻዬን ጋራ ላይ መውጣት እፈልጋለሁ፣ ቤተሰቤ ግን ይጨነቃል። ምን ይዤ ልውጣ?

መልስ፦ መጀመሪያ የቤተሰቡን ጭንቀት እንፍታው። ከመውጣትህ በፊት ሦስት ነገር ንገራቸው፦ በየት እንደምትሄድ፣ ስንት ሰዓት እንደምትመለስ፣ በስንት ሰዓት ካልደወልክ መፈለግ እንዳለባቸው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አይናገርም። ሲቸገሩ የሚያስጨንቃቸው ግን እሱ ነው፤ "ትንሽ እንጠብቅ ወይስ እንውጣ?" የሚለው። መንገድህን ከቀየርክ ደግሞ መልእክት ላክ። ኔትዎርክ ደካማ በሆነበት ቦታ ጥሪ ባይሄድም አጭር የጽሑፍ መልእክት ሊያልፍ ይችላል። ካርታውን ቤት ሆነህ ስልክህ ላይ አውርደው፣ መንገድ ላይ ሆነህ ኢንተርኔት አትጠብቅ። የካርታውን የከፍታ መስመሮች ማንበብ ተማር፦ መስመሮቹ ተጠጋግተው ሲታዩ ገደላማ ነው፣ ተራርቀው ሲታዩ ለጥ ያለ። ከመውጣትህ በፊት ዓይንህን እዚያ ላይ ብታሳልፍ ከሰዓት በኋላ የሚያገኝህን ዳገት ጠዋት ታውቀዋለህ።

ቦርሳህ ውስጥ፦ አንድ የውስጥ ጎማ (ቱብለስ ብትነዳም)፣ ፓምፕ፣ ጎማ ማውጫ ሁለት፣ ሰንሰለት መፍቻ ያለው ትንሽ የመፍቻ ስብስብ፣ ለሰንሰለትህ የሚሆን አንድ ፈጣን ማያያዣ። ማያያዣው ከማርሽህ ቁጥር ጋር መግጠም አለበት፤ የ8 ማርሽ ለ12 አይሆንም። ሌላው ሰው የማያውቀው የኋላ ማርሽ መቀየሪያው የተሰቀለባት ትንሿ የአልሙኒየም ቁራጭ ናት። ሆን ተብሎ ለስላሳ ተደርጋ ነው የምትሠራው፤ ስትወድቅ እሷ ታጥፋ ወይም ተሰብራ ፍሬሙን ታድናለች። የየብስክሌቱ ቅርጽ ይለያያል፣ ስለዚህ ለራስህ ብስክሌት የምትሆን አንድ ትርፍ ቁራጭ ይዘህ ውጣ። ከባዶ የጥርስ ሳሙና ቱቦ የተቆረጠች ቁራጭም ያዝ። የጎማህ ጎን በድንጋይ ከተቀደደ ከውስጥ በኩል እሷን ሸጉጠህ ትንሽ አየር ሞልተህ ቤት ትደርሳለህ።

ውሃ በሰዓት ከግማሽ ሊትር እስከ ሦስት ሩብ አስብ፣ ሲሞቅ ከዚህ በላይ። ከአንድ ሰዓት በላይ ከነዳህ መብላትም አለብህ። በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት፤ አንድ መካከለኛ ሙዝ 27 ግራም ያህል አለው። ራበኝ እስክትል አትጠብቅ፣ ያኔ ጉልበቱ አልቋል።

ነፋስ የሚከላከል ቀጭን ጃኬትም አትርሳ። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል። አቀበቱ አልቦህ ላይ ስትደርስ ልብስህ እርጥብ ነው፣ ቁልቁለቱ ደግሞ ነፋስ ነው። የደነዘዘ ጣት ፍሬን በደንብ አይዝም። ከመውረድህ በፊት ልበስ፣ መውረድ ከጀመርክ በኋላ አይደለም።

ብቻህን ስትሆን ፍጥነትህን ቀንስ። ከሰው ጋር ብትሆን የምትሞክረውን ቦታ ብቻህን አትሞክር። ሄልሜትህ ከቅንድብህ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ ማሰሪያውም አገጭህ ሥር ጠበቅ ይበል። አንዴ በኃይል ከተመታ ስንጥቅ ባይታይበትም ይቀየራል።

ጥያቄ፦ ጠጋኙ ዘንድ በሄድኩ ቁጥር "ሰንሰለቱ አልቋል" ይለኛል። እኔ ግን ምንም አይታየኝም። በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ በተራ ማስመሪያ። ሰንሰለት ሲያልቅ መጋጠሚያዎቹ ውስጣቸው ይበላና ይረዝማል። አንዱን ፒን ማስመሪያው ዜሮ ላይ አድርግ። ሃያ አራት ፒን ቆጥረህ፣ ሃያ አምስተኛው ላይ ሲደርስ አዲስ ሰንሰለት 304.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 306.5 አካባቢ ከሆነ መቀየሪያው ደርሷል፣ 307 ካለፈ ዘግይተሃል፤ የረዘመው ሰንሰለት የማርሹን ጥርሶች እየበላ ነው፣ እነሱ ደግሞ ከሰንሰለቱ ይወደዳሉ። ባለ 12 ማርሽ ከሆነ ቀደም ብለህ፣ 306 ሲያልፍ ቀይረው። አቧራማና ጭቃማ መንገድ የምትነዳ ከሆነ በየወሩ ለካው። ጠጋኙን እመነው ወይም አትመነው አልልህም፣ በሚቀጥለው ጊዜ ግን የቀየረልህን አሮጌ ሰንሰለት ጠይቀህ ከአዲሱ ጎን አንጠልጥለው። በእርግጥ አልቆ ከነበረ ከታች በኩል አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ በዓይንህ ታየዋለህ።